በመቀሱና በመርፌው መካከል

ወንድምየው ይቆርጣል፣ እህትየው ትሰፋለች። አባታቸው በልጅነታቸው እንዲህ አድርጎ ነው ያካፈላቸው፤ ለእሱ መቀሱን፣ ለእሷ መርፌውን። ሁለቱንም ያወቀ ልጅ ጥሎኝ ይሄዳል ብሎ ፈርቶ ይሁን፣ ወይስ ተሳስረው እንዲኖሩ አስቦ፣ ሽማግሌው ምክንያቱን ይዞት ተቀብሯል። ብቻ ዛሬ ወንድምየው አንድ ቀጥ ያለ ስፌት ማውጣት አይችልም፤ እህትየውም መቀስ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ያለ ሌላው ኪስ እንኳ አይወጣለትም። ሰፈሩ እሱን ቆራጩ፣ እሷን ሰፊዋ ይላቸዋል። ቆራጭ ይባል እንጂ ከጨርቅ በቀር በዕድሜው አንድም ነገር ቆርጦ አያውቅም። ይህን የምትለው ታላቅ እህቱ ናት፤ የምትለው ግን ለእሱ አይደለም። አይነጋገሩም።

ተኮራርፈው እንዳይመስላችሁ፤ ኩርፊያማ ያልፋል። የቆራጩ ሚስት ገና የምትድህ ልጇን ጥላ የሄደች ዕለት እሱ እህቱን ሰው በተሰበሰበበት «ያንቺ ምላስ ነው ያባረራት» አላት። እሷም «ምላሴ ከእንግዲህ አንተን ካናገረ ይቆረጥ!» ብላ በእናቷ አጥንት ማለች። በማግስቱ ሁለቱም እንደ ልማዳቸው መጥተው ሱቁን ከፈቱ። ሌላ ምን ያድርጉ? ሱቁ የሁለቱም ነው። የእሱ መቁረጫ ጠረጴዛ አንዱን ግድግዳ፣ የእሷ የስፌት መኪና ሌላውን ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ይሠራሉ።

ሥራው ግን ንግግር ይፈልጋል። የተቆረጠ ጨርቅ ዝም ብሎ አይሰፋም። ለስፌት ምን ያህል እንደተተወ፣ የቱ ፊት የቱ ጀርባ እንደሆነ፣ ደንበኛው ሲለካ ሆዱን ስቦ እንደነበር ወይስ ለቆ፣ ይህ ሁሉ ከቆራጭ ወደ ሰፊ በአፍ ነው የሚሻገረው። መጀመሪያ በምልክት ሞከሩ፤ አንድ ደንበኛ ኪሱ ከኋላ የተሰፋ ኮት ለብሶ ሄደ። ቀጥሎ በደንበኞች አፍ ሞከሩ፤ ደንበኞቹ ግን «ሱሪ ልናሰፋ እንጂ ልናስታርቅ አልመጣንም» እያሉ ይወጡ ጀመር። ኋላ ልጅቷ እግር አወጣች፣ አፏም ተፈታ፣ መላም ተገኘ።

ልጅቷን ሰፈሩ ሽቦ ይላታል። ስሙን ያወጣላት ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ነው። «ቀጭን ናት፤ ወሬ ታስተላልፋለች፤ የራሷ ወሬ የላትም» አለና ስሙ ተለጠፈባት።

«ሽቦ!» ትላለች ሰፊዋ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል። «‹እጅጌው ረዝሟል፤ ደንበኛውን ዝንጀሮ አደረግኸው እንዴ?› በዪው።»

ልጅቷ ወደ ጠረጴዛው ትሄዳለች። እዚያ ስትደርስ አገጯን ቀና ታደርጋለች፣ አንድ ዓይኗን ጠበብ ታደርጋለች፣ ልክ እንደ አክስቷ።

«እትዬ፣ ‹እጅጌው ረዝሟል፤ ደንበኛውን ዝንጀሮ አደረግኸው እንዴ?› ትልሃለች።»

«‹እጅጌው ልክ ነው፤ የረዘመስ ምላስሽ ነው› በያት።»

ልጅቷ ትመለሳለች። አሁን ደግሞ ትከሻዋ ይወድቃል፣ ድምጿ ወደ አፍንጫዋ ይወጣል፣ ልክ እንደ አባቷ። ቃሉን ብቻ ሳይሆን ድምፁንና ምሬቱን ጭምር ነው የምታደርሰው። ደንበኞች በሳቅ ይሞታሉ። ሰፊዋም አንዳንዴ ሳቋ ያመልጣትና፣ ወንድሟ እንዳያይ ጨርቁ ላይ ታቀረቅራለች። ነገሩ በጣም የጎመዘዘ ሲሆን ለልጅቷ ከረሜላ ታቀብላታለች። ቆራጩም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱም ይህን የሚያደርጉት ለየብቻቸው ነው።

ልጅቷን አይወዷትም የሚል ካለ ይዋሻል። በሰፈሩ እንደ ሽቦ የለበሰ ልጅ የለም። ከየደንበኛው የተረፈው ጨርቅ ሁሉ የእሷ ቀሚስ ነው፤ እሱ ይቆርጥላታል፣ እሷ ትሰፋላታለች። በነገር ቢለያዩም በልጅቷ ቀሚስ ላይ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

ትምህርት ቤት የሚገባበት ጊዜ ሲደርስ ሰፊዋ ልጅቷን አዲሱን ቀሚስ አልብሳ፣ ጸጉሯን ጎንጉና ይዛት ሄደች። በልቧ ኮርታለች። ይቺ ልጅ የሰማችውን አንድ ቃል ሳታዛንፍ የምትደግም ናት፤ ማን ይስተካከላታል?

ዳይሬክተሯ በዕድሜ የገፋች፣ ፊቷ የተጨማደደ፣ ቁጣዋ ከፊቷ ቀድሞ የሚታይ ሴት ናት። ልጅቷን ፊቷ አስቆመቻት።

«ስምሽ ማን ነው?»

ዝም።

ሰማያዊ እርሳስ አነሳች። «ይኸስ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

ዝም። ልጅቷ ወደ በሩ አየች፣ ከዚያ ወደ አክስቷ፣ ከዚያ ተመልሳ ወደ በሩ።

«ከእናትሽና ከአባትሽ ማንን ትወጃለሽ?»

ልጅቷ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ቆማለች። ፊቷ ላይ ፍርሃት የለም፤ እንደ ሰነፍ ልጅም አልተሽኮረመመችም። መልእክት እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የቆመችው።

«ትሰማለች?» አለች ዳይሬክተሯ።

«ጆሮዋ ከእርስዎም ይሻላል!» አለች ሰፊዋ።

«ቤት ውስጥ ትናገራለች?»

«ስታወራ ነው የምትውለው።»

«ምን ታወራለች?»

ሰፊዋ የልጅቷን አንገትጌ አቃናች። «የታዘዘችውን» አለች በመጨረሻ።

ዳይሬክተሯ እርሳሱን አስቀመጠች። «እመቤት፣ ዘገምተኛ ናት። የኋላው ክፍል ትገባለች።»

የኋላውን ክፍል የማያውቅ የለም። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለች፣ አንድ መስኮት ያላት ክፍል ናት። እዚያ የገቡ ልጆች ዶቃ በክር ይሰካሉ፤ የሰኩትን መምህሯ ታፈርሰዋለች፣ በማግስቱ እንደገና ይሰካሉ። ጢም እስኪያበቅል እዚያው የተቀመጠ አለ። ከዚያች ክፍል ወደ ፊት ክፍል የተመለሰ ልጅ አለ ሲባል ግን ማንም ሰምቶ አያውቅም።

ሰፊዋ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። «እርስዎ ነዎት ዘገምተኛ! ይቺን ልጅ? ይቺን?»

«አይጩሁብኝ። በአደባባይ እየተሳደቡ ልጅ አያስገቡም።» ዳይሬክተሯ ወደ ሌላው ተመዝጋቢ ማየት ጀምራለች። «ሰኞ ይምጡ። ከአባቷ ጋር። የምታሳድጓት ሁላችሁም። አንድ ጥያቄ፣ አንዲት ብቻ፣ በራሷ አፍ ከመለሰች የፊቱ ክፍል ትገባለች። ካልመለሰች እንዳትለምኑኝ።»

ሰፊዋ ልጅቷን እየጎተተች ወጣች። ባለሱቁ ከሩቅ አያት።

«እህስ፣ ሽቦ ተማሪ ሆነች?»

«ዘገምተኛ አሏት!»

«እንግዲህ ደም ነው» አለ ባለሱቁ፣ ስኳር እየመዘነ። «እናቷስ ብትሆን መች ትናገር ነበር? ዝም ብላ መጣች፣ ዝም ብላ ሄደች።»

ሰፊዋ ይህን ወደደችው። ደም ነው! በእርግጥም የዚያች ዲዳ ዘር ነው እንጂ የእኛ ቤት ሰው አፍ አጥቶ ያውቃል? ይህን ይዛ ወደ ሱቁ ገባች። ወንድሟ ጀርባውን ሰጥቶ በጠመኔ ያሰምራል። መንገር ግድ ነው፤ ሰኞ እሱም መምጣት አለበት። ሰፊዋ ልጅቷን ትከሻዋን ይዛ ወደ ጠረጴዛው አዞረቻት።

«‹ልጅህን ዘገምተኛ አሏት፤ የኋላው ክፍል ሊከቷት ነው፤ ሰኞ ትመጣለህ› በዪው።»

ልጅቷ ሄደች። አገጯን ቀና አደረገች። «እትዬ፣ ‹ልጅህን ዘገምተኛ አሏት፤ የኋላው ክፍል ሊከቷት ነው፤ ሰኞ ትመጣለህ› ትልሃለች።» ስለ ሌላ ሰው የምትናገር ነበር የምትመስለው።

ጠመኔው ተሰበረ። ቆራጩ ስብርባሪውን ከጨርቁ ላይ አራገፈ። ከዚያ፣ «‹ባንቺ እጅ ያደገ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?› በያት።»

«‹እሳት አመድ ወለደ፤ አመዱን እኔ ላይ ደፋኸው› በዪው።»

«‹እናቷን ያባረረ አፍ ነው የልጅቷን አፍ የዘጋው› በያት።»

ልጅቷ ከጠረጴዛው ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ ጠረጴዛው ትመላለሳለች። ጉንጯ ቀልቷል። እንዲህ ያለ የሥራ ቀን ገጥሟት አያውቅም። ሰፊዋ ደሟ ፈላ፤ እስከ ዛሬ ከሆዷ ያላወጣችውን አወጣች።

«‹እናታችን ነፍሷ ስትወጣ አልጋዋ ሥር ማን ነበር? አንተ የት ነበርክ?› በዪው።»

ልጅቷ አደረሰች። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል፤ የቆራጩ ጀርባ ጎበጥ ሲል ሰፊዋ በዓይኗ አየችው። መልስ አልላከም። ጨርቅ የሚያያይዝባቸውን ስፒሎች ከሣጥኑ ዘገነ፣ በከንፈሩ መካከል ደርድሮ ያዘና ሥራውን ቀጠለ። ሰፊዋ ማሸነፏን አወቀች፤ ሆኖም እንደ ሌላ ጊዜው ደስ አላላትም።

ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ልጅቷን ወደ መኪናዋ ጠራቻት። ሰኞ እስኪደርስ ማስጠናት አለባት።

«ስምሽ ማን ነው?» አለቻት።

ልጅቷ ጠበቀች።

«ስምሽ ማን ነው ስልሽ፣ ስምሽን ትዪኛለሽ። እሺ? ስምሽ ማን ነው?»

«ለማን ልንገር?» አለች ልጅቷ።

«ለእኔ ነዋ!»

ልጅቷ ግራ ገባት። «ማን ይልሻል ልበል?»

ሰፊዋ እግሯን ከመኪናው ፔዳል ላይ አነሳች። በልታለች፣ ለብሳለች፣ ታቅፋለች፣ ተስማለች ይቺ ልጅ፤ ነገር ግን እስቲ የጠየቃት ማን ነው? «ራበሽ?» አይሏትም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ምግቡ ይቀርባል። «ቀዩን ነው ወይስ ሰማያዊውን የምትወጂው?» አይሏትም፤ የተረፈው ጨርቅ ይወስንላታል። ወደዚህች ልጅ ጆሮ የገባ ቃል ሁሉ ወደ ሌላ ሰው እያለፈ ያለ ቃል ነበር። እሷ ጋ የቆመ አንድም አልነበረም። የደሙ ነገር በሰፊዋ ልብ ውስጥ ጫፉ እንዳልተቋጠረ ክር ሾለከ። ልትይዘው ሞከረች። ደም ቢሆን እንዴት ቀላል ነበር!

እንግዲያ ልጅቷን ከመካከል ማውጣት ነው። ከመካከል ለማውጣት ደግሞ ሁለቱ ፊት ለፊት መነጋገር አለባቸው። ይህ ሱቅ ሌላ መድኃኒት የለውም። ሰፊዋ ተነሳች፣ የማለችበትን ምላስ በጥርሷ ነከስ አድርጋ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ሄደች። ወንድሟ ጎኑን ሰጥቷት ቆሟል፤ ስፒሎቹ ከከንፈሩ እንደ ድመት ጢም ወጥተዋል። የሸበተ ጸጉር ከጆሮው በላይ አየች። መቼ ነው የሸበተው? ‹ስማ› ልትለው ነበር፤ ያቺ አንዲት ቃል እዚህ፣ ጥርሷ ሥር ደርሳለች።

ልጅቷ ከኋላዋ ቀሚሷን ሳብ አደረገቻት። ትከሻዋን ጣል አድርጋ፣ ድምጿን ወደ አፍንጫዋ አውጥታ፣ «አባዬ፣ ‹ምን እንደ ከሳሽ ትገተሪያለሽ? ጥላሽ ጨርቄን አቆሸሸው› ይልሻል» አለቻት።

ሰፊዋ ቃሏን ዋጠች። ዞራ ተቀመጠች፣ መኪናዋንም እስኪንቀጠቀጥ ነዳችው። ሰው ሊታረቀው ሲመጣ እንዲህ የሚል ወንድም ይኖራል? ልጁን ይቅበር! የፈለገው ክፍል ትግባ!

ይህን ሐሳብ ግን እስከ ሰኞ ይዛ መቆየት አልቻለችም። ዶቃ የምትሰካ ልጅ በዓይኗ ይመጣባታል።

ሰኞ ጠዋት ለየብቻቸው መጡ። ቆራጩ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ኮሌታው ያን ጊዜ፣ ገና ሲነጋገሩ፣ እሷ የሰፋችለት ነው። ዳይሬክተሯ ቢሮ ውስጥ አንድ አግዳሚ ነበረ፤ አንዱ ከዚህ ጫፍ፣ አንዷ ከዚያ ጫፍ ተቀመጡ። ልጅቷ በመካከል ልትቀመጥ ስትል ዳይሬክተሯ ጠርታ ፊቷ አቆመቻት።

«እሺ። ስምሽ ማን ነው?»

ልጅቷ ወደ አክስቷ ዞረች። ሰፊዋ ከንፈሯን ገጥማ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። ቆራጩ ጫማውን ያያል። አንዳቸውም አልላኩም።

«ዕድሜሽ ስንት ነው?»

ዝም።

«አባቷ፣» አለች ዳይሬክተሯ፣ «ልጅዎን ቤት ውስጥ ማን ነው የሚያጫውታት?»

«እሷን ይጠይቋት» አለ ቆራጩ፣ በአገጩ ወደ አግዳሚው ጫፍ እያመለከተ። «ልጄን የያዘችው እሷ ናት ይበሏት።»

«እኔ የያዝኩት የጣለው ስላለ ነው ይበሉት» አለች ሰፊዋ።

«‹ጣለ› የሚባለው ሌት ተቀን ቆሞ የሚቆርጠው ነው ወይ ይበሏት።»

ዳይሬክተሯ ከአንዱ ወደ አንዷ ስታይ አንገቷ ተጣመመ። «እኔ የእናንተ ተላላኪ አይደለሁም! እዚያው እርስ በርሳችሁ አትነጋገሩም?»

ልጅቷ ይህን ሰማች። አንድ ሰው ሥራዋን ሊነጥቃት እንደሆነ ነበር የገባት። ወደ ዳይሬክተሯ አንድ እርምጃ ቀረበች፣ ትከሻዋን ጣል አደረገች፣ ድምጿን ወደ አፍንጫዋ አወጣች።

«አባዬ፣ ‹ይቺ ሴትዮ ፊቷ የተጨማደደ ጨርቅ ነው፤ ካውያ ያስፈልጋታል› ይልሻል።»



ቆራጩ ከአግዳሚው ዘሎ ተነሳ። «እኔ? ኧረ እኔ አላልኩም! በልጄ እምላለሁ፣ እመቤት፣ አፌን አልከፈትኩም! አብረን ነው እኮ ያለነው!»

ሰፊዋን ሳቅ አፈናት፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ከዚያ ሳቁ በአፏ ውስጥ ቀዘቀዘ። አልዋሸም። አፉን አልከፈተም። እንደዚያ ቀን። ያን ቀንም አፉን አልከፈተም ነበር፤ በዚያ ሁሉ ስፒል መካከል ማን ነው «ጥላሽ ጨርቄን አቆሸሸው» ሊል የሚችለው?

«ያን ቀን» አለች ወደ ወንድሟ ዞራ፣ መሓላዋ ትዝም አላላት። «ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ዘንድ ስመጣ። ‹እንደ ከሳሽ ትገተሪያለሽ› ብለህ ልከህብኛል?»

ቆራጩ ደነገጠ። ድምጿ በቀጥታ ወደ እሱ ከመጣ ማስታወስ እስኪያቅተው ቆይቷል። «እኔ... አላልኩም። ምን ልትዪኝ እንደመጣሽ እየጠበቅኩ ነበር።»

«‹ምላስሽን በመቀሴ ባሳጥረው ሰፈሩ ያርፋል› ያልከውስ?»

«አላልኩም! አንቺስ ‹ሚስትህ የሄደችው አጠገብህ ተኝታ ስለሰለቻት ነው› ብለሽ የላክሽብኝ? በደንበኛ ፊት!»

«እኔ? እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ይወጣል? ‹እጅሽ ከጨርቅ ይልቅ ለሬሳ ይሆናል›ስ?»

«እሱን ብያለሁ» አለ ቆራጩ ቀስ ብሎ።

«ብለሃል!»

«ብያለሁ። የእናታችንስ? ‹ነፍሷ ስትወጣ የት ነበርክ› ያልሽው? እሱም የልጅቷ ነው በዪኝ። በዪኝና ልመንሽ።»

ሰፊዋ የልጅቷ ነው ብትል ያልቅ ነበር። ልጅቷ ዝም ትላለች፣ ወንድሟም ያምናል። «የእኔ ነው» አለች። «እሱ የእኔ ነው።»

«አውቄዋለሁ» አለ ቆራጩ። «ልጅ እንደዚያ አድርጎ አይቆርጥም።»

በመካከላቸው የቆመችው ልጅ ጭንቅላቷን ከአንዱ ወደ አንዷ ታዞራለች። ቃላቱ በላይዋ ያልፋሉ። ማንም አይሰጣት፣ ማንም አይቀበላት። አፏ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ለመቅደም ትሞክርና ይቀድሟታል። ድንገት በሁለት እጇ የዳይሬክተሯን ጠረጴዛ መታች።

«ዝም በሉ ሁለታችሁም!» ያለችው ግን ዳይሬክተሯ ናት። ዓይኗን ከልጅቷ አልነቀለችም። «አንቺ። ስለ ፊቴ ያልሽውን። ማን ነው ያለው?»

ልጅቷ ወደ አባቷ አየች።

«አባትሽን አትዪ። አክስትሽንም አትዪ። ማን ነው ያለው?»

ሰፊዋ እጇን ጭኗ ላይ ጨመቀች። ጥያቄዋ ይህች ናት፤ ሌላ አትመጣም። ልጅቷ «አባዬ ነው» ብትል የኋላው ክፍል በሩ ክፍት ነው። ዝም ብትልም ክፍት ነው። ሰፊዋ መልሱን በዓይኗ ልታቀብላት አሰበችና ዓይኗን ጨፈነች።

«እኔ» አለች ልጅቷ።

«ጮክ በዪ።»

«እኔ ነኝ ያልኩት።» አገጯ ቀና አለ፣ አንድ ዓይኗ ጠበበ። «ፊትሽ ካውያ ይፈልጋል።»

ዳይሬክተሯ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች። ሰፊዋ የምትጮህ መሰላት፤ አልጮኸችም።

«ዘገምተኛ አይደለችም» አለች በመጨረሻ። «ባለጌ ናት። ነገር ፈጥራ፣ የሰው ድምፅ አልብሳ፣ እንደ ተላከ መልእክት የምታቀብል ልጅ ዶቃ ስኪ አትባልም። የፊቱ ክፍል ትገባለች።» ወደ በሩ አመለከተች። «ለባለጌ የተለየ ክፍል የለንም። ቢኖረን ኖሮ እሷን ትቼ ሁለታችሁን ነበር የማስገባው። ውጡልኝ!»

ወጡ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ነበረች፤ ልጆች ለዕረፍት ወጥተው ይሯሯጣሉ። ሰፊዋና ቆራጩ ጎን ለጎን ሄዱ፤ ልጅቷ ከፊታቸው። የሚባል ነገር ሞልቷል፣ የሚላክበት ግን የለም።

«ገብታለች እንግዲህ» አለ ቆራጩ።

«ገብታለች» አለች ሰፊዋ። ከዚያ አላስችል ብሏት፣ «እጅጌው ግን ረዝሞ ነበር» አለች።

«አልረዘመም!»

«ረዝሞ ነበር አልኩህ!»

አንዲት ልጅ ገመድ ይዛ እየዘለለች መጣችና ሽቦ ፊት ቆመች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ በዚያው ክፍተት ፈገግ አለች።

«ገመድ ትዘያለሽ?» አለቻት።

ሽቦ ወደ ኋላዋ አየች። አክስቷና አባቷ ስለ እጅጌው እየተከራከሩ ናቸው። ወደ ልጅቷ ተመለሰች። አገጯን ቀና አደረገች።

«ጥርስሽን አይጥ ነው የበላው? አፍሽን ዝጊ፤ ሌላው እንዳያመልጥሽ።»

የባለገመዷ ፈገግታ በቦታው ደረቀ። ጥርስ በሌለው አፏ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ሰፊዋ ክርክሯን በአፏ እንደያዘች ቆመች። ቃሉን ልጅቷ ራሷ ናት የፈጠረችው፤ ማንም አልላካትም። ድምፁ ግን ከሆዷ ነው የወጣው፤ ከልጅቷ ሳይሆን ከራሷ፣ ከሰፊዋ ሆድ። ፊት ለፊቷ ቆሞ የሰማችው ዛሬ ገና ነው። እንዲህ ነበር እንዴ?

ሮጣ ሽቦን ክንዷን ያዘቻት። «ምን አደረገችሽ? አሁኑኑ ይቅርታ በያት!»

ሽቦ ቀና ብላ አየቻት። ለመታዘዝ ዝግጁ ናት፤ እምቢ አላለችም። «እንዴት ነው የሚባለው?» አለች።

«‹ይቅርታ› ነዋ! አታውቂውም?»

«ቃሉን አውቀዋለሁ። ደንበኞች በር ላይ ሲጋፉ ይሉታል።» ልጅቷ ጆሮዋን ዘንበል አደረገች። «እንዴት ነው የሚባለው? በዪውና ልስማው።»

ሰፊዋ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ከመኪናው ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ መኪናው የተመላለሰውን ነገር በሐሳቧ አገላበጠች። የተላከ፣ ያልተላከ፣ በልጅቷ የተጨመረ። ያ ቃል ከየትኛውም ወገን አንድም ቀን አልተሻገረም።

«ይቅርታ!» አለች ሰፊዋ፣ ክር በጥርስ እንደሚበጥስ ሰው።

ሽቦ ወደ ባለገመዷ ዞረች። አንድ ዓይኗን አጠበበች። «ይቅርታ!» አለቻት። አንዲት ነገር አላጎደለችም። ባለገመዷ በጥፊ የተመታች ያህል ወደ ኋላ አፈገፈገች፣ ለቅሶዋም ባሰ።

«እንደዚያ አይደለም» አለ ቆራጩ ከኋላ።

«እንግዲያ እንዴት ነው?» ሰፊዋ በቁጣ ዞረችበት። «አንተ አሳያታ! አንተ የምታውቅ ከሆነ!»

ቆራጩ ገመዷን ጥላ ወደምታለቅሰው ልጅ አየ፣ ከዚያ ወደ ልጁ፣ ከዚያ ዓይኑ እህቱ ላይ አረፈና እዚያው ቀረ። ጉሮሮውን ጠረገ። ሽቦ የአክስቷን እጅ ለቅቃ ሄዳ ፊቱ ቆመች፣ ዓይኗንም ከንፈሩ ላይ ተክላ ጠበቀች።